የጊታር ፒክ የት ይገባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ ጊታር ይዞ ጣና ዳር፣ ግቢ ውስጥ ወይም ቡና ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ አንድ ቀን «ፒኬን ያየ አለ?» ማለቱ አይቀርም። ፒክ የጊታር ክር የሚመታበት ትንሽ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው። ከታች ያሉት መልሶች የተዘጋጁት ለጀማሪዎች፣ ለአስጠኚዎችና ጨዋታው መሀል ፒክ አጥተው ለሚቸገሩ ሁሉ ነው።

ፒኬ ቶሎ ቶሎ የሚጠፋብኝ ለምንድን ነው?

ፒክ የሚጠፋው በአብዛኛው ቀኝ እጅ ለሌላ ሥራ ሲፈለግ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ቀኝ እጅ ሥራ ይበዛበታል። እንግዳ ሲገባ ብድግ ተብሎ በቀኝ ይጨበጣል፣ ትከሻ ለትከሻ ይነካካል። ሲኒ በቀኝ ይያዛል፣ ቆሎ በቀኝ ይዘገናል፣ እንጀራ በቀኝ ይቆረሳል፣ ስልክ ሲጠራም ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ፒኩ ከእጅ ይወጣል። ሐሳብ ግን ሰላምታው ወይም ቡናው ላይ ስለሆነ የት እንደተቀመጠ ልብ የሚል የለም። ጭን ላይ ተቀምጦ ከሆነ ሰውየው ሲነሣ ይወድቃል፤ የሶፋው ክንድ ላይ ከሆነ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል፤ ረከቦቱ ጠርዝ ላይ ከሆነ ከሲኒው ጋር ተጠራርጎ ወደ ጓዳ ይሄዳል።

ዕቃው ራሱም ለመጥፋት የተመቸ ነው። የተለመደው ባለ ሦስት ማዕዘን ፒክ ቁመቱ 30 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 26 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን ክብደቱ 1 ግራም አይሞላም። ምንጣፍ ላይ ሲወድቅ አይሰማም፤ ኪስ ውስጥ ሲሆንም አይከብድም። ጆሮም ገላም ስለማይነግሩን መጥፋቱ የሚታወቀው ለመጫወት እጅ ሲዘረጋ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ እጅ ከመከፈቱ በፊት ፒኩ የሚሄድበትን ቦታ መወሰን ነው። የቀረው ምክር ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ሰው ሲመጣ ጊታር ይዤ እንዴት ልጨብጥ? ፒኩን ምን ላድርገው?

ግራ እጅ የጊታሩን አንገት እንደያዘ፣ ቀኝ እጅ ፒኩን ወደ አንገቱ ጫፍ ወስዶ አንደኛውና ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ አግድም ያሉት የብረት መስመሮች) አካባቢ ክሮቹ መሀል ይሰካዋል። አሰካኩ ላይ ይጠንቀቁ፤ ፒኩ ከሁለተኛውና ከአምስተኛው ክር በላይ፣ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ክር በታች ይለፍ። እንዲህ ከተጠላለፈ ጊታሩ ቢዘቀዘቅም አይወድቅም። አንድ ክር ሥር ብቻ ሲወሸቅ ግን ክሩ እንደተነካ ተስፈንጥሮ ይሄዳል። ሳያዩ ሃያ ጊዜ ያህል ሰክተው ቢያወጡት እጅ ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰከንድ አይፈጅም።

ለአጭር ጊዜ፣ ለምሳሌ በጣት ለመንካት ወይም አንድ ጉንጭ ቡና ለመጠጣት፣ መዳፍ ውስጥ መያዝ ይቻላል። በአውራ ጣትዎ ፒኩን ገፍተው የመሀል ጣት መታጠፊያ ውስጥ ያስገቡትና ጣቱን አጥፈው ይያዙት፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ነጻ ይሆናሉ። ለሰላምታ ግን ይህ አይሆንም፤ መዳፍ ውስጥ ፕላስቲክ ይዞ ለታላቅ እጅ መስጠት ነውር ነው።

በጥርስ መያዝን ጨርሶ ይተዉት። ለመናገር አፍ ሲከፈት ይወድቃል፣ ጫፉ ላይ የጥርስ ምልክት ይተዋል፣ በሳቅ ወይም በሳል መሀል ወደ ጉሮሮ ሊገባም ይችላል። የሚያዩ ሕፃናትም ያንኑ ያደርጋሉ።

ከእጄ ሲወድቅ እያየሁት፣ ጎንበስ ስል ግን የለም። እንዴት ይሆናል?

ፒክ እንደ ጠጠር ቀጥ ብሎ አይወርድም። ቀላልና ጠፍጣፋ ስለሆነ እንደ ቅጠል ወዲያና ወዲህ እየዋለለ ይወርዳል። ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ በጠርዙ ካረፈ ደግሞ ይነጥራል፣ አልፎ አልፎም እንደ ጎማ ይንከባለላል። ዓይን የሚከተለው የመጀመሪያውን መስመር ስለሆነ እግር ሥር እንፈልጋለን፤ እሱ ግን አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርቆ፣ ብዙ ጊዜ ከወንበሩ ኋላ ተኝቷል።

አሁን ጠፍቶብኛል። ፍለጋውን ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ አይነሡ። በተቀመጡበት ሆነው ጭንዎን፣ የሱሪዎን እጥፋት፣ የጋቢዎን ወይም የሹራብዎን መታጠፊያ፣ ከዚያም የጫማዎን አፍ ይዳስሱ። በወንበሩና በጭንዎ መሀልም እጅዎን ያስገቡ። ወድቋል የተባለ ፒክ ገና ልብስ ላይ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሰውየው ሲነሣ ነው በእርግጥም የሚወድቀው፣ ያኔ ደግሞ የት እንደወደቀ አይታወቅም።

ቀጥሎ ጊታሩን ቀስ አድርገው ያወዛውዙ። ውስጡ ቀጭን የፕላስቲክ ድምፅ ካለ ፍለጋው አልቋል፤ አወጣጡን ከታች ይመልከቱ።

ወለል ላይ ሲፈልጉ የስልክዎን መብራት ከላይ ወደ ታች አያብሩ። ስልኩን ወለሉ ላይ አጋድመው ብርሃኑ መሬቱን እየላሰ እንዲሄድ ያድርጉ። ከላይ ሲበራ ፒኩና ወለሉ አንድ ይመስላሉ፤ ከጎን ሲበራ ግን የአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት እንኳ ረዘም ያለ ጥላ ይጥላል፣ ጠርዙም ያብለጨልጫል። ከግድግዳው ጥግ ጀምረው ወደ ወንበሩ ይምጡ። ከሶፋ ትራሶች ሥር በእጅ ሲገቡ ፒኩን ወደ ባሰ ጥልቀት ሊገፉት ስለሚችሉ፣ ትራሶቹን አንሥተው ሶፋውን ወደ ፊት ማዘንበል ይሻላል።

ቡና ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ወደቀ።

ቄጤማውን በእጅ አይበትኑ፤ በበተኑት ቁጥር ፒኩ ወደ ታች ይሰርጋል። ከአንድ ጎን ጀምረው በእቅፍ በእቅፍ እያነሡ፣ ነጣ ያለ አንሶላ ወይም ማዳበሪያ ላይ ያራግፉት። ፒኩ ከሣሩ ይልቅ ቶሎ ስለሚወርድ አንሶላው ላይ ይቀራል። ከሁሉ በፊት ግን ቄጤማው ተጠርጎ እንዳይጣል ለቤቱ ሰው ይንገሩ፤ ብዙ ፒክ እስከ ወዲያኛው የሚጠፋው በማግሥቱ መጥረጊያ ነው።

አንድ የጥንቃቄ ነገርም አለ። ሴሉሎይድ የሚባለው ፒክ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፕላስቲክ ነው፤ የተሠራው ከናይትሮሴሉሎስና ከካምፎር ነው። ከሰል ያለበት ምድጃ ወይም የዕጣን ማጨሻ አጠገብ አያስቀምጡት።

ጊታሩ ሆድ ውስጥ ገባ። እንዴት ላውጣው?

ችኮላ አያስፈልገውም። አልጋ ወይም ሶፋ አጠገብ ይቁሙና እንዲህ ያድርጉ።

1. ጊታሩ ገመድ ያለው ፒክአፕ (ድምፁን ወደ ማጉያ የሚያስተላልፍ ዕቃ) ከተገጠመለት ገመዱን ይንቀሉ። ውስጡ የተንጠለጠለ ሽቦ መኖሩን በስልክ መብራት ይዩ።
2. ቀዳዳው ወደ ሰማይ እንዲያይ ጊታሩን አጋድመው ይያዙ። ፒኩ በጀርባው እንጨት ላይ ይተኛል።
3. ቀስ እያሉ ወዲህና ወዲያ በማዘንበል ፒኩን ከቀዳዳው ትክክል ሥር ያምጡት። ጀርባው ላይ አግድም የተለጠፉ ማጠናከሪያ እንጨቶች ስላሉ ፒኩ እነሱ ላይ ይቆማል፤ ያኔ የጊታሩን ጎን በመዳፍ ቸብ ቸብ ሲያደርጉት ይዘልላል።
4. ከክሮቹ መሀል ፒኩ በግልጽ ሲታይ ጊታሩን በአንድ ጊዜ፣ ሳያመነቱ ገልብጠው ቀዳዳውን ወደ አልጋው ያዙሩ።

የማይሳካው ብዙ ጊዜ አራተኛው ላይ ነው። ቀስ ተብሎ ሲገለበጥ ፒኩ በጎኑ ተንሸራቶ ወደ ሩቅ ጥግ ይሄዳል። ፈጥኖ ሲገለበጥ ግን ያለበት ቦታ ሆኖ በቀጥታ ይወድቃል፤ ክሮቹ ላይ ከቆመ በጣት ይጎተታል። ሦስት አራት ጊዜ መሞከር የተለመደ ነው።

እምቢ ካለ ሦስተኛውንና አራተኛውን ክር ላላ ያድርጉና፣ ፕላስተር የሚለጠፍበት ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ የተጠቀለለበት ረጅም ማስመሪያ በመሀላቸው ያስገቡ። ፒኩን ጫን ሲያደርጉት ተጣብቆ ይወጣል። ሽቦ ወይም ቢላ አያስገቡ፤ እንጨቱን ይቧጭራል፣ የፒክአፑን ገመድም ይበጥሳል። ለፒክ ብሎ ክር መበጠስም አያስፈልግም።

ለመሆኑ ለምን ወደ ቀዳዳው ይገባል? ችክችካ ስመታ ሁልጊዜ ከጣቴ ይሾልካል።

ሁለት ነገር ሲገጥም ነው። አንደኛው ቦታው ነው። የቦክስ ጊታር ቀዳዳ ስፋቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጀማሪ ደግሞ ልክ በላዩ ላይ ይመታል። እጅዎን 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ድልድዩ፣ ማለትም ክሮቹ ሆዱ ላይ ወደሚታሰሩበት እንጨት፣ ቢያስጠጉ ድምፁ ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ፒኩ ቢሾልክም የሚያርፈው እንጨቱ ላይ ነው።

ሁለተኛውና ዋነኛው አያያዙ ነው። ሌባ ጣትዎን ግማሽ ያህል አጥፈው ፒኩን የመጀመሪያው መገጣጠሚያ ጎን ላይ ያሳርፉት፣ አውራ ጣትዎን በላዩ ይጫኑ። ከጣት ውጭ የሚወጣው ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይብቃው። 10 ሚሊ ሜትር ሲወጣ ጫፉ ክሮቹ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ እያንዳንዱ ምት ፒኩን እንደ ማንሻ ይጠመዝዘዋል፣ ከጥቂት ምት በኋላም ዞሮ ያመልጣል። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ፣ እጅ ያለ ዕረፍት ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት ምት ስለሆነ ይህን ጥፋት ቶሎ ያጋልጣል። ወደ ላይ ሲመለሱ የፒኩን ጫፍ ትንሽ ወደ ታች ያጋድሉ፤ ክሩን ቦጭቆ ሳይሆን ዳብሶ ያልፋል።

ጨምቆ መያዝ መፍትሔ አይደለም። የደከመ አውራ ጣት ራሱ ይለቃል። የአያያዙ ልክ ሌላ ሰው ፒኩን በሁለት ጣት ሲጎትተው ትንሽ ታግሎ የሚወጣበት ነው።

በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት እጄ ያልበዋል። ፒኩ እንደ ሳሙና ይሆናል።

የሚያንሸራትተው የፒኩ ልስላሴ ነው፤ ስለዚህ ገጹን ይለውጡት። ሦስት መንገድ አለ፤ እንደ እኛ አስተያየት ሁለተኛው ይበልጣል።

የሚያዝበትን ቦታ ብቻ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ይቻላል። ጫፉን አይንኩ፤ የሻከረ ጫፍ ክሩ ላይ ይንጫጫል። ወይም በወረቀት መብሻ መሀሉን ይብሱት። ቀዳዳው ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ የጣት ሥጋ ወደ ውስጡ ገብቶ ይይዘዋል፣ ላብም መውጫ ያገኛል። ከጠርዝ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ከቀረበ ይሰነጠቃል። ከ1 ሚሊ ሜትር የወፈረ ፒክ በወረቀት መብሻ አይበሳም፤ መብሻውን ብቻ ያበላሻሉ። ሦስተኛው የማሲንቆ ተጫዋች የጭራውን ደጋን የሚቀባው ዓይነት ሙጫ ነው፤ ጥቂት ብቻ፣ በጣት ላይ። ከበዛ ክሩ ላይ ይጋገርና ድምፁን ያፍነዋል።

ጣና ዳር ወይም ጀልባ ላይ ስጫወት ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ይንሳፈፋል?

አይንሳፈፍም። ናይለንም፣ ሴሉሎይድም፣ ቶርቴክስ የሚባሉት ፒኮች የሚሠሩበት ዴልሪን የተባለው ፕላስቲክም ከውሃ ይከብዳሉ። ፒኩ ለአፍታ በውሃው ቆዳ ላይ ሊቆይ ይችላል፣ ሞገድ እንደነካው ግን ይሰምጣል።

ገብተው አይፈልጉት። በጣና ዳርቻ ውሃ ቢልሃርዚያ አለ፤ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎቹ የሚኖሩት ልክ ፒክ በሚወድቅበት ዓይነት ጥልቀት በሌለውና ሣር ባለበት ዳር ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬም አለ፤ ሲመሽ ለመሰማራት ወደ ዳር ይወጣል። ፒክ ይተካል።

ወደ ዘጌ ወይም ወደ ገዳማቱ በጀልባ እየሄዱ የሚጫወቱ ከሆነ ፒኩን በክር ይሰሩት። ከላይኛው ሰፊ ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር ወረድ ብሎ ትንሽ ቀዳዳ ይብሱና ጠንካራ የስፌት ክር አስገብተው ሌላውን ጫፍ እጅ አንጓዎ ላይ ይሰሩት። የክሩ ርዝመት ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ካጠረ እጅ ይይዛል፣ ከረዘመ ከጊታሩ ክር ጋር ይጠላለፋል። ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም፤ የክራር ዘመድ የሆነው የጥንት ግሪኮች ሊራ መምቻው በገመድ ከመሣሪያው ጋር ታስሮ በሸክላ ዕቃ ሥዕሎች ላይ ይታያል። በደንገል ታንኳ ላይ ግን ጊታርም ፒክም ይዞ አለመውጣት ነው የሚሻለው፤ ውሃው በደንገሉ መሀል ሰርጎ ይገባል።

የትኛው ቀለም አይጠፋም?

ብርቱካናማ፣ ደማቅ ቢጫና ሮዝ። አረንጓዴ ፒክ ሣር ላይና ቄጤማ ላይ አይታይም፣ ጥቁር ከሶፋ ሥር ጥላ ጋር ይመሳሰላል፣ ነጭ ደግሞ በሴራሚክ ላይ። ከሁሉ የከፋው በሰፊው የሚሸጠው ቡናማ ዥጉርጉር ነው። ያ ቀለም የመጣው የባሕር ኤሊ ቅርፊትን በመምሰል ነው። ድሮ ጥሩ ፒክ የሚሠራው ከዚያ ቅርፊት ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ የዳንድሪያ ድርጅት ከሴሉሎይድ መሥራት ሲጀምር ሴሉሎይዱ የቅርፊቱን መልክ ያዘ። ሐይቁ ዳር ካሉት ዋርካና ሾላ ሥር ከደረቀ ቅጠል ጋር ሲቀላቀል በዓይን መለየት ያስቸግራል።

በቶርቴክስ ቀለሙ ውፍረቱን ይናገራል፤ ቀይ 0.50፣ ብርቱካናማ 0.60፣ ቢጫ 0.73፣ አረንጓዴ 0.88፣ ሰማያዊ 1.0፣ ወይን ጠጅ 1.14 ሚሊ ሜትር ነው። ለኮርድ ምት፣ ማለትም ብዙ ክር አብሮ ለመምታት፣ ብርቱካናማው ወይም ቢጫው ስለሚስማማ ቀለሙም ውፍረቱም አብረው ይገኛሉ። 0.88 የሚወድ ሰው አረንጓዴውን ለቤት ያድርገው፣ ለሣር ሜዳ ግን ሌላ ቀለም ያለው ተመሳሳይ ውፍረት ይፈልግ። በጥፍር ቀለም መቀባትን የሚሞክሩ አሉ፤ ሴሉሎይድ ላይ አይቀቡ፣ በውስጡ ያለው ማሟሚያ ፒኩን ያቀልጠዋል።

ቤት ውስጥ የት ላስቀምጠው?

አንድ ቦታ፣ እሱም ጊታሩ በሚቀመጥበት እጅ በሚደርስበት ርቀት። ጠርዟ የተሸረፈ ሲኒ ከገዙት ማስቀመጫ ሁሉ ትበልጣለች፤ ትንሽ ናት፣ ጎድጓዳ ናት፣ ፒኩ ሲገባ ቅል የሚል ድምፅ ትሰጣለች። ድምፁ ጥቅም አለው፤ እጅ ቦታው እንዳስቀመጠ ጆሮ ይመሰክራል። ከመደርደሪያው ላይ ከሌላ ሲኒ ጋር አትደባለቅ እንጂ።

ጊታሩ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ የፒክ ማስገቢያም አለ። ከጊታሩ ራስ ኋላ ይለጠፋል። ከመለጠፍዎ በፊት ቦታውን በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት፤ አቧራና ላብ ካለ ማጣበቂያው በሙቀት ይለቃል።

ክሮቹ መሀል ሰክቶ ማሳደርስ? ለአንድ ሰዓት ምንም አይደለም። ለቀናት ሲቆይ ግን ቀጭን ፒክ ይጎብጣል፣ በተለይ ፀሐይ የሚመታው መስኮት አጠገብ።

ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ልብሱ ታጠበ።

ናይለንና ዴልሪን ከሆነ ምንም አይሆኑም። ሴሉሎይድ በሙቅ ውሃ ይጎብጣል። በእጅ ሲታጠብ ዋናው አደጋ መድፊያው ነው፤ ፒኩ ከሳፋው ግርጌ ሰምጦ ከእድፉ ጋር ይደፋል። ውሃው ከመደፋቱ በፊት ግርጌውን በእጅ መዳሰስ ያተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ትልቁን ኪስ ትተው ጂንስ ሱሪ ላይ ያለችውን ትንሿን ኪስ ብቻ ይጠቀሙ፤ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ካልተቀላቀለ ሲያወጡ አብሮ አይወድቅም።

ጓደኞቼ ተውሰው አይመልሱም። እንዴት ልጠይቅ?

ማንም ሆን ብሎ አይወስድም። ተውሶ የተጫወተ ሰው ሲጨርስ በልማዱ ኪሱ ይከተዋል፣ ያ ነው። ጊታሩን ሲቀበሉ እጅዎን አብረው ዘርግተው «ፒኩስ?» ማለት ይበቃል፤ በማግሥቱ በስልክ ከመጠየቅ ይቀላል። ለማዋስ የሚሆኑ ሁለት የቆዩ ፒኮች ለብቻ መያዝም ደግ ነው፤ የሚወዱት ፒክ ከእጅዎ አይወጣም፣ ጓደኛም አይከፋም።

ተማሪ የሚያስጠኑ ከሆነ በማርከር የተጻፈ ስም በጥቂት ቀን ልምምድ ይለቃል። በሰፊው ጠርዝ ላይ በጥፍር ሞረድ ጥርስ ማውጣት ይሻላል፤ ለአንዱ ተማሪ አንድ ጥርስ፣ ለሌላው ሁለት። በጋለ መርፌ ምልክት ማድረግ ለሴሉሎይድ አደገኛ ነው፣ ይቀጣጠላል። ፒኮቹን ሲያድሉም ሲሰበስቡም ይቁጠሩ።

ከተማው ውስጥ ፒክ ባላገኝ ከምን ልሥራ?

ዘመኑ ካለፈበት የባንክ ካርድ። መደበኛው ካርድ 85.6 በ54 ሚሊ ሜትር ሆኖ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ለኮርድ ምት የሚፈለገው መካከለኛ ውፍረት ነው። ከአንድ ካርድ አራት ፒክ ይወጣል። ሲም ካርድ ተነቅሎ የሚቀረው ሰፊው ፕላስቲክም ይሆናል፣ ቀዳዳው ስላለበት ግን ሁለት ያህል ብቻ ነው የሚያወጣው።

የነበረ ፒክ ካርዱ ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያሥምሩ። ጫፉ ቺፑ ወይም ጎላ ያለው ቁጥር ላይ እንዳያርፍ ያድርጉ። ከመስመሩ 1 ሚሊ ሜትር ወጣ ብለው በመቀስ ይቁረጡ፤ ልክ መስመሩ ላይ ከቆረጡ ለማሸት ትርፍ አይኖርም፣ ፒኩም ያንሳል። ከዚያ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጠርዙን ከሁለቱም ገጽ ዘንበል አድርገው ያሹ። ቀጥሎ 1000 ቁጥር በውሃ አርሰው ያሹት፣ መጨረሻ ላይ ጂንስ ላይ ጠንከር አድርገው ለጥቂት ደቂቃ ይፈትጉት። ክሩ ላይ የሚጭር ድምፅ ከሰጠ ጠርዙ ላይ ገና ጥርስ አለ ማለት ነው፤ ወደ 1000ው ይመለሱ።

የካርድ ፕላስቲክ ለስላሳ ስለሆነ በብረት ክር ቶሎ ጫፉ ይዶለዱማል፤ ሦስቱንም ማዕዘን እያዞሩ ይጠቀሙ። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ በጣም ቀጭን ነው፣ ይታጠፋል። ጀሪካን ቢወፍርም ልል ስለሆነ ድምፁ ይደበዝዛል። ሳንቲምን አንመክርም፤ ክሩን ይበላል፣ የጊታሩንም ፊት ይቧጭራል።

ከቀንድ መሥራትስ?

ይቻላል፣ ድምፁም ያማረ ነው። ቀንድ እንደ ጥፍር ኬራቲን ነው፤ ለዚህም ነው ሞቅ ያለ፣ የማይጮህ ድምፅ የሚሰጠው። የበገና መምቻ የሆነው ድኅንጻም ከቀንድ ሊሠራ ይችላል። ዋንጫ ከሚሠሩ ሰዎች ቁራጭ ካገኙ ፍልፋዩን ውሃ ውስጥ አፍልተው ሲለሰልስ በሁለት ጣውላ መሀል በክብደት ተጭኖ እስኪደርቅ ይተዉት። ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይተዉለትና እንደ ካርዱ ያሹት። በበጋ ደረቅ አየር ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ ጠብታ የምግብ ዘይት ቀብተው ይወልውሉት። ጠንክሮ የተሠራ ነገር ስለሆነ ሰዎች ቦታውን በልባቸው ይይዙታል፤ የቀንድ ፒክ የሚጠፋው ከፕላስቲኩ ባነሰ ነው።

ስንት ፒክ መያዝ አለብኝ?

አንድ ዓይነት፣ አንድ ውፍረት የሆኑ አሥራ ሁለት። ሦስቱ ሲኒው ውስጥ፣ ሁለቱ በጊታሩ ቦርሳ ትንሽ ኪስ፣ አንዱ ገንዘብ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዱ ጊታሩ ራስ ላይ። አምስቱ ከነላስቲካቸው ይቀመጡ። ሲኒው ውስጥ አንድ ብቻ ሲቀር ከአምስቱ ሁለት ይጨምሩ፤ አምስቱ ሲነኩ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ያስልኩ። የተለያየ ውፍረት ማደባለቅ ጥሩ አይደለም፤ የጠፋውን የሚተካው ፒክ በእጅ ላይ ባዕድ ከሆነ ያንኑ የጠፋውን ፍለጋ ሰዓት ይባክናል።

ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት ቁጥሩ ሌላ ጥቅም አለው፤ የጎደለው ወዲያው ይታወቃል። ልጅ ፒክ አፉ ከቶ ከታነቀ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ከነጭራሹ የማይወድቅ ፒክ የለም?

አውራ ጣት ላይ እንደ ቀለበት የሚገባ ፒክ አለ። አይወድቅም፤ ለትዝታና ለአምባሰል ዜማ በቤዝ ክሩ ላይ እየተራመዱ በሌሎቹ ጣቶች ለመንካት ያመቻል። ለፈጣን ችክችካ ግን ወደ ላይ ሲመለስ ክሩ ላይ ይደነቀፋል። ጣት እንዳያደነዝዝ ልክዎን ይምረጡ፤ የጠበበውን የፕላስቲክ ዓይነት ሙቅ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ነክረው ከፈት ማድረግ ይቻላል።

ከወራት በኋላ ግቢ ውስጥ አፈር ላይ አገኘሁት። ይሠራል?

በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይጠቡት፣ ጠርዙን በጣት ይዳስሱት። አሸዋ ተሰክቶበት ከሆነ ክሩን ይሞርዳልና በ1000 ቁጥር ያለስልሱት። ከጎበጠ በሁለት ወፍራም መጻሕፍት መሀል ሁለት ሦስት ቀን ያስተኙት። ወደ መብራት አቅንተው ሲያዩት ከጠርዙ ወደ መሀል የሚሄድ ስንጥቅ ካለበት ይጣል፤ ችክችካ መሀል ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹም ጊታሩ ሆድ ውስጥ ይገባል።